ለቤት ሪፍ ስንት ሴንቲ ኩብ ይበቃል?

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለቤት ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የሚባሉትን ድንጋይ ላይ የሚያድጉ የባህር እንስሳትና ዓሣ በጨው ውሃ ለመያዝ፣ ኩብ አኳሪየም (ጎኖቹ ሁሉ እኩል የሆኑ) የምትገዙ ከሆነ ባለ 50 ሴንቲውን ውሰዱ። ቦታ ካጠራችሁ 45። ባለ 30ው የጀማሪ ይመስላል እንጂ የጀማሪ አይደለም። ባለ 60ው ደግሞ እጅግ ያምራል፣ ግን ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ነው የሚገባበት። ይህን የምለው ሦስቱን ቤቴ አስገብቼ፣ አራተኛውን ጓደኛዬ በሌለ ቁጥር እየተንከባከብኩ ስለቆየሁ ነው። ባለ 30ውን ሁለት ዓመት ያዝኩት፤ ከእሱ ዘልዬ 60 ገባሁ፤ አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ያለው ባለ 50ው ነው።

መጀመሪያ ስለ ሊትር እናውራ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ሂሳቡ ቀላል ነው። 30 በ30 በ30 ሲባዛ 27 ሊትር ይመጣል። 45ቱ 91፣ 50ው 125፣ 60ው 216። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ከ30 ወደ 60 ስንሄድ ጎኑ እጥፍ ሆነ፣ ውሃው ግን ስምንት እጥፍ። ከ45 ወደ 60 የጨመርነው 15 ሴንቲ ነው፣ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ውሃው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። የኩብ ነገር እንዲህ ነው። ዓይን ትንሽ ነው ያለው ጭማሪ በክብደትም በሥራም ብዙ ሆኖ ይገኛል።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሊትር በሙሉ ውስጥ አይገባም። ብዙ ጊዜ ልኩ የሚወሰደው ከውጭ ነው። ባለ 30ውን እንውሰድ። መስታወቱ 6 ሚሊ ከሆነ የውስጡ ጎን 28.8 ሴንቲ ይቀራል። ውሃውን እስከ አፉ አትሞሉትም፣ ሦስት ሴንቲ ያህል ትተዋላችሁ። በዚህ ብቻ 22 ሊትር ላይ ወረድን። ድንጋይና አሸዋ ከገባ በኋላ በባልዲ እየለካሁ ስሞላው የገባው 18 ሊትር ነበር። 27 ተብሎ የተሸጠልኝ ማለት ነው። ባለ 50ው በ10 ሚሊ መስታወት ተሠርቶ፣ ድንጋዩም አሸዋውም ገብቶ፣ 90 ሊትር ገደማ ይይዛል። ባለ 60ው 160 ገደማ። መድኃኒትም ሆነ ማዕድን ስትጨምሩ ማስላት ያለባችሁ በዚህኛው ቁጥር ነው። ስትሞሉት ልኩ በሚታወቅ ባልዲ እየቆጠራችሁ ሙሉ፣ ከዚያ ቁጥሩን መቆሚያው በር ላይ በውስጥ በኩል ጻፉት። ብዙ ጊዜ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን ወደ ባለ 30ው ልሂድ። ስገዛው ያሰብኩት ሁሉም ሰው የሚያስበውን ነው። በትንሹ ልጀምር፣ ካልሆነ ብዙ አይጎዳኝም። ጨው ውሃ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ ውሃ ስህተት አይችልም።

ትነቱን ብቻ እንኳ እንይ። የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ ውሃው በጎደለ ቁጥር የቀረው ጨዋማነቱ ይጨምራል። ሪፍ የሚመቸው 35 አካባቢ ነው፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ከቤት ራቅሁ። ሙቀት ስለነበር ውሃው ላይ ትንሽ ማራገቢያ ከፍቼ ነው የሄድኩት። ስመለስ ውሃው ሦስት ሴንቲ ወርዶ ጠበቀኝ። ሦስት ሴንቲ እዚያ ኩብ ላይ 2 ሊትር ተኩል ነው። ከ18 ሊትር ላይ 2 ሊትር ተኩል ሲሄድ 35 የነበረው ከ40 ያልፋል። ደንግጬ ንጹሑን ውሃ በአንድ ጊዜ ደፋሁበት፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሆነ፤ ጨው በመጨመሩ የተጎዱትን እንስሳት ድንገት መቀነሱ ደገማቸው። ማታውኑ ሽሪምፑ ሞተ። ዞአዎቹ (አበባ የሚመስሉት ትናንሽ ኮራሎች) ለሳምንት አልተከፈቱም። እስከዛሬ ያንን ሽሪምፕ ሳስብ ይከፋኛል፣ ምክንያቱም ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም፣ ቤቱ ጠባብ ነበር እንጂ። ያው 2 ሊትር ተኩል ከባለ 50ው ላይ ቢጎድል ኖሮ 35ቱ 36 ይሆን ነበር፣ በቃ።

ማሞቂያውም እንደዚያው ነው። ማጥፋት ሲገባው ተጣብቆ መቅረት የማሞቂያ የታወቀ በሽታ ነው። ባለ 100 ዋት ማሞቂያ 18 ሊትር ውስጥ ተጣብቆ ቢቀር ውሃውን በሰዓት ወደ 5 ዲግሪ ያሞቀዋል። ሪፍ የሚፈልገው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሥራ ውላችሁ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁን አስቡት። 90 ሊትር ውስጥ ግን ያው ማሞቂያ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ያውም ወደ ክፍሉ የሚሄደውን ሙቀት ሳንቀንስ። ባለ 30 የምትይዙ ከሆነ 25 ዋት ይበቃችኋል፣ ትልቅ ማሞቂያ አታስገቡበት።

ስለ አልካሊኒቲም (በግምት ውሃው ውስጥ ስላለው የካርቦኔት መጠን) ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ኮራል የሚሞተው በእሱ ነው። ድንጋያማ ኮራሎች አጥንታቸውን የሚሠሩት ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና ካርቦኔት ነው። አልካሊኒቲው በመለኪያው በዲኬኤች ከ7 እስከ 11 መሃል ቢሆን ይመቻቸዋል፤ ከቁጥሩ በላይ ግን የሚፈልጉት እንዳይዋዥቅባቸው ነው። አሁን አንድ ግራም ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ ጫፍ ያዙ። 18 ሊትር ላይ ስትጨምሩት አልካሊኒቲው በአንዴ በ1.8 ይዘላል። 90 ሊትር ላይ 0.4 እንኳ አይሞላም። እጃችሁ ትንሽ ሲስት ትንሹ ኩብ ውስጥ የኮራሉ ጫፍ ይነጣል፣ ትልቁ ውስጥ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

የቦታም ነገር አለ። አንድ ቶርች ኮራል ነበረኝ፣ ቀን ቀን እንደ ሣር የሚወዛወዝ፣ በጣም የሚያምር። ማታ ማታ ግን ረጃጅም ክሮች እያወጣ ጎረቤቶቹን ይናደፋል፤ ክሮቹ 15 ሴንቲና ከዚያም በላይ ሊሄዱ ይችላሉ። 28 ሴንቲ ስፋት ውስጥ 15 ሴንቲ የሚደርስ ተናዳፊ ማስቀመጥ ሌላውን ኮራል ሁሉ አሳልፎ እንደመስጠት ነው። ማሽሩም የሚባሉ ሁለት ኮራሎችና ግማሽ ዞአ ከበላብኝ በኋላ ገባኝ።

ታዲያ ባለ 30ው ክፉ ነገር ነው ወይ? አይደለም። የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ከዚህ በፊት ጨው ውሃ ይዞ ለሚያውቅ፣ በየቀኑ ቤት ለሚገኝ፣ አውቶማቲክ ውሃ መሙያ ለሚገጥምለት፣ ዞአና ማሽሩም ብቻ ለሚወድ ሰው አሪፍ ነው። አንድ ትንሽ ጎቢ ዓሣ ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር ብታስገቡበት ሰዓት ሙሉ ታያላችሁ። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፣ ጉድጓድ እየቆፈረ አንዱን አንቴናውን ጎቢው ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ጎቢው ደግሞ በር ላይ ቆሞ ዘበኛ ነው፣ አደጋ ሲያይ ይንቀጠቀጥለታል፣ ሁለቱም ዘልለው ይገባሉ። ክላውንፊሽ ጥንድ ግን እዚያ ውስጥ አታስገቡ እላለሁ። ብዙ ሰው ያስገባል፣ አውቃለሁ። ሲገዙ ሁለት ሴንቲ ስለሆኑ ነው። ኦሴላሪስ የሚባለው የክላውንፊሽ ዓይነት ሴቷ ስታድግ 8፣ 9 ሴንቲ ትደርሳለች፣ ለረጅም ዓመት ትኖራለች፣ ቤቷንም አጥብቃ ትጠብቃለች።

ባለ 60ው ሌላ ዓለም ነው። ውሃው ረጋ። በሳምንት አንዴ ብለካው ቁጥሩ እዚያው ነው። ሰው ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነበር። መሃሉ ላይ እንደ ተራራ ቁልቁል የሚወርድ ድንጋይ ሠርቼ፣ ጫፉ ላይ አክሮፖራ የሚባል ድንጋያማ ኮራል፣ ወገቡ ላይ ሀመር ኮራል፣ ታች አሸዋው ላይ ማሽሩም አድርጌ ነበር። ከሦስት በኩል ሲታይ ሦስት የተለያየ ቦታ ይመስላል። ይሄን ያህል ውበት ሌላ ቅርጽ ውስጥ አላየሁም፣ ይህን መካድ አልችልም።

ያደከመኝ ጥልቀቱ ነው። ታች ያለውን ነገር ለመንካት ክንዴ እስከ ትከሻዬ መግባት ነበረበት። ጉንጬ ውሃውን ይነካል፣ ሸሚዜ ይረጥባል። መቆሚያው 80 ሴንቲ ስለነበር አፉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ40 ላይ ነው፤ በርጩማ ላይ ሳልወጣ ምንም መሥራት አልችልም ነበር። አንድ የወደቀ የኮራል ቁራጭ ለማንሳት በርጩማ፣ ረጅም መቆንጠጫ፣ ፎጣ፣ ፓምፕ ማጥፋት። በመጀመሪያው ወር ይህን ሁሉ በደስታ ታደርጋላችሁ። በስድስተኛው ወር ማታ ከሥራ መጥታችሁ የወደቀውን ቁራጭ አይታችሁ "ነገ አነሳዋለሁ" ትላላችሁ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ አለው። እንዲህ እያልኩ ከድንጋዩ ጀርባ ቆሻሻ ተከማቸ፣ ከቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ከፍ እያለ ሄደ፣ አንድ ትልቅ ቀንድ አውጣ ሞቶ ቀናት ቆይቶ ከሽታው ነው ያወቅሁት። ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ወቅሻለሁ። አሁን ሳስበው ግን እጄ በቀላሉ የማይደርስበትን ነገር ነበር የገዛሁት።

ብርሃንም ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይደክማል። 50 በ50 ላይ አንድ ጥሩ ኤልኢዲ መሃል ላይ ቢሰቀል ይበቃል። 60 ላይ ማዕዘኖቹ ይጨልማሉ። ወይ ኃይለኛውን ገዝታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ትሰቅላላችሁ፣ ወይ ሁለት ትገዛላችሁ። ከፍ ሲል ደግሞ ብርሃኑ ወደ ክፍሉ ይፈሳል፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ይመታዋል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ክብደቱን በቁጥር ላስቀምጥላችሁ። በ12 ሚሊ መስታወት የተሠራ ባለ 60 ኩብ ባዶውን 54 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃው ከ160 ኪሎ በላይ፣ ምክንያቱም የባህር ውሃ ሊትሩ ከኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ድንጋዩና አሸዋው ተደምሮ ወደ 260 ኪሎ ይደርሳል፣ መቆሚያውንና ሳምፑን (ከሥር የሚቀመጠውን የማጣሪያ ሳጥን) ሳንቆጥር። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከግማሽ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ነው። ባለ 50ው በዚያው ስሌት 155 ኪሎ አካባቢ ነው። ባለ 30ው 33 ኪሎ። ባዶውን 60 ኩብ ብቻችሁን አታነሱትም፤ ሁለት ጠንካራ ሰው ይፈልጋል። 50ውን ደግሞ ሁለት ሰው ያለ ጭንቀት ያነሳዋል።

ዓሣን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ሰው 216 ሊትር የሚል ቁጥር ሲሰማ ታንግ የሚባለው ዓሣ ያምረዋል። እባካችሁ አታድርጉት። ቢጫው ታንግ እስከ 20 ሴንቲ ያድጋል፤ 60 ኩብ ውስጥ የራሱን ርዝመት ሦስት ጊዜ ሳይሄድ መስታወት ነው። ሰማያዊው ደግሞ 30 ሴንቲ ሊደርስ ይችላል። እነዚህ ቀኑን ሙሉ ሪፉ ላይ ሲመላለሱ የሚውሉ ዓሣዎች ናቸው። 120 ሴንቲ የሚዋኙበት ርዝመት ከሌለ አልመክርም። ኩቡ ስንት ሊትር ይሁን ስንት ርዝመት አይሰጣቸውም።

ያንን ያህል ውሃ በጣም የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ 90 በ60 በ40 የሚባል ልክ አለ። አባዙት፣ እኩል 216 ሊትር ነው። ከፍታው ግን 40 ብቻ ስለሆነ እጃችሁ ታች ይደርሳል፣ ብርሃኑም ይደርሳል። የውሃው ፊት 5,400 ካሬ ሴንቲ ነው፣ የ60 ኩቡ 3,600። ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ፊት በኩል ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆም ይህ ልዩነት ዓሣ ያተርፋል። ኩብ አይደለም፣ የኩቡም ውበት የለውም፣ ግን 60 ሊያዝዝ ለሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

60ውን ከዓመት ተኩል በኋላ ለሌላ ሰው አሳለፍኩት።

ባለ 45ቱን የማውቀው በጓደኛዬ በኩል ነው ብያለሁ። የእሱ ማጣሪያው ከጀርባ ያለበት፣ ታች ሳምፕ የማይፈልግ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ቱቦ የለም፣ ከታች ሞልቶ ይፈሳል የሚል ስጋት የለም፣ ከካርቶኑ አውጥቶ ውሃ መሙላት ነው። ግን የጀርባው ክፍል 9፣ 10 ሴንቲ ይወስዳል። የመስታወቱን ውፍረት ቀንሱና ከፊት ወደ ኋላ የሚቀራችሁ 33 ሴንቲ ያህል ነው። ከፊት ሲያዩት ኩብ ይመስላል፣ ዓሣው የሚኖርበት ቦታ ግን ኩብ አይደለም። ድንጋይ ስትደረድሩ ይታወቃችኋል፤ ወርዱ አለ፣ ጥልቀቱ የለም። የጀርባው ክፍል ደግሞ ጠባብ ነው፣ እጅ ተዘርግቶ አይገባም፣ የሚገባው ስኪመርም (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) የተወሰነ ነው። ትነቱ የሚታየው በመጨረሻዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለሆነ አንድ ቀን ውሃ ሳትጨምሩ ብትውሉ መመለሻ ፓምፑ አየር እየሳበ መጮህ ይጀምራል። ጓደኛዬ ሲጓዝ የሚደውልልኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ይሄን ሁሉ ብዬም ለጠባብ ቤት እወደዋለሁ። ውሃው ከ30ው በእጅጉ ይረጋል፣ ሳምንታዊ ውሃ መቀየሩ አንድ ባልዲ አይሞላም፣ ታች ለመድረስ እጄ እስከ ክርኔ መግባቱ ይበቃል። ከጀርባ ክፍል የሌለውንና ሳምፕ ያለውን 45 ብታገኙ ደግሞ ከ50ው ብዙም አይርቅም።

እና 50ው። ለምን እሱ? አንድ ክንድ ስለሆነ ነው ብላችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። እኔ እጄን ሳስገባ የመሃል ጣቴ አሸዋውን ሲነካ ውሃው ክርኔን ትንሽ አልፎ ይቆማል። ፊቴ ደረቅ ነው፣ የማደርገውን ከላይ አያለሁ። የወደቀ ቁራጭ ሳይ እዚያው እጅጌዬን ሰብስቤ አነሳዋለሁ፣ ግማሽ ደቂቃ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሪፍ ግን የሚያድገው በእንደዚህ ያለች በየቀኑ ግማሽ ደቂቃ ነው፤ 60ው ላይ የጎደለኝም ያቺ ነበረች።

በየሳምንቱ አንድ አስረኛውን ውሃ እቀይራለሁ፣ 9 ሊትር፣ አንድ ባልዲ። ጨው እንደ ዓይነቱ ሆኖ 330 ግራም ገደማ ይገባል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መስታወቱን መጥረጉን ጨምሮ፣ ሩብ ሰዓት ነው። 60ው ከነሳምፑ ሁለት ትልልቅ ባልዲ ይጠይቅ ነበር፣ ያንን ማዘጋጀት፣ ማሞቅ፣ ማንሳት፣ መድፋት። ሁለት ባልዲ ከአንድ ባልዲ እጥፍ ሥራ ብቻ ይመስላል፤ ወገባችሁን ጠይቁት።

ድንጋዩን ስደረድር ከየመስታወቱ 8 ሴንቲ አራቅሁት፣ የማግኔት መጥረጊያው በነፃነት እንዲያልፍ፣ ኮራሉም ሲያድግ መስታወት እንዳይነካ። የውስጡ ጎን 48 ነው፣ ከሁለት በኩል 8፣ 8 ሲቀነስ ለድንጋዩ 32 ሴንቲ ይቀረዋል። በ32 ሴንቲ ሁለት ምሰሶና መሃላቸው ዋሻ ሠራሁ። በባለ 30ው ይሄንኑ ብታደርጉ ለድንጋዩ የሚቀረው 13 ሴንቲ አይሞላም፣ አንድ ጡብ በሉት። ድንጋዩን ደግሞ አሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ የታችኛው መስታወት ላይ አሳርፉት፣ አሸዋውን ከዚያ በኋላ ዙሪያውን አፍስሱ። ቅድም ያልኳችሁ ፒስቶል ሽሪምፕ ሥሩን ይቆፍረዋል። ኩብ ውስጥ ድንጋይ ወደ ላይ ስለሚቆለል ሲናድ መስታወት ላይ ነው የሚናደው።

አራት ዓሣ አለኝ። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጎቢው፣ አንድ ብሌኒ። ክላውንፊሾቹን ስገዛ አንዱን ተለቅ፣ አንዱን አነስ አድርጌ መረጥኩ፤ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው ሕይወት የሚጀምሩት፣ ትልቁ ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ እኩል ከሆኑ ግን ማን ይለወጥ በሚለው ይደባደባሉ። አምስተኛ ዓሣ ይገባል ብሎ የሚነግራችሁ ይኖራል። ሊገባ ይችላል። እኔ ቦታውን ለኮራሉ ትቼዋለሁ።

ቅሬታም አለኝ። መጀመሪያ ልኩ። ሳዝዝ ውስጡ 50 እንዲሆን ነበር ያልኩት፣ የመጣው ከውጭ 50 ነው፤ ቀድሜ ያሠራሁት የመረብ ክዳን ሁለት ሴንቲ ተርፎ አልገጠመም፣ እንደገና አሠራሁ። ስለዚህ ስታዝዙ "ከውስጥ" ወይም "ከውጭ" የሚለውን ቃል በጽሑፍ አስፍሩ። ሁለተኛ፣ ከሦስት በኩል የሚታይ ነገር የሚደበቅበት የለውም። ፓምፑ፣ ገመዱ፣ ማሞቂያው ከአንድ በኩል ያምራል ስትሉ ከሌላው በኩል ይታያል። ያለ ሳምፕ 50 የሚይዝ ሰው ይሄ ያናድደዋል፤ እኔ ማሞቂያውንና ስኪመሩን ታች ሳምፑ ውስጥ አስገብቼ ነው የተገላገልኩት። ሦስተኛ፣ ውሃ አገፋፉ። ረጅም አኳሪየም ውስጥ አንድ ፓምፕ ከዳር ሆኖ ሁሉን ያንቀሳቅሳል። ኩብ ውስጥ መሃል ያለው ድንጋይ ይከልለዋል፣ ከጀርባው የሞተ ቦታ ይፈጠራል። አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት ትናንሽ ፓምፖችን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ማድረግ ተሻለኝ፣ አሸዋውም መበተኑን አቆመ።

ስለ ክዳኑ ካነሳሁ አይቀር፣ መረብ ሳትገጥሙ ዓሣ አታስገቡ። 60ው ላይ ሳለሁ ዛሬ ነገ ስል አንድ ፋየርፊሽ ሌሊት ዘሎ ወጥቶ ጠዋት ወለሉ ላይ ደርቆ አገኘሁት። ጠርዝ የሌላቸው ኩቦች ያምራሉ፣ ግን ለዓሣ በሩ ክፍት ነው።

መቆሚያውን ደግሞ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከፊት ወደ ኋላም ከግራ ወደ ቀኝም። ጠርዝ የሌለው ኩብ ሥር ስስ ስፖንጅ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ከሥሩ ብትቀር ክብደቱ ሁሉ እሷ ላይ ያርፍና መስታወቱን ልትሰነጥቀው ትችላለች። ውሃውን ግማሽ ሞልታችሁ ልኩን እንደገና እዩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ግን የፈሰሰው 90 ሊትር ጨው ውሃ ስለሆነ አይለቀምም።

አሁንም መምረጥ ካቃታችሁ እኔ ዘግይቼ ያደረግኩትን ቀድማችሁ አድርጉ። ካርቶን ቆርጣችሁ ባለ 45፣ ባለ 50ና ባለ 60 ሳጥን ሥሩ። መቆሚያው በሚሆነው ከፍታ ላይ፣ ሊቀመጥ ባሰባችሁበት ቦታ፣ እያንዳንዱን ለሁለት ለሦስት ቀን አስቀምጡት። ከሶፋው ላይ ሆናችሁ እዩት፣ አጠገቡ ባልዲ ይዛችሁ እለፉ፣ የመቆሚያው በር ሲከፈት የሚነካውን እዩ። ከዚያ ማታ፣ ደክሟችሁ ቤት በገባችሁበት ሰዓት፣ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ እጃችሁን ካርቶኑ ውስጥ አስገቡና የኋለኛውን ታችኛ ማዕዘን ለመንካት ሞክሩ። ያለ በርጩማ፣ ሳትንጠራሩ የነካችሁት ትልቁ ሳጥን የትኛው እንደሆነ ያዙና እሱን እዘዙ።